«ተቀበል» እና ተቀባዩ፦ የጎንደር የአዝማሪ ቤት ሙዚቃ በሐያሲ ጆሮ

ስለ አዝማሪ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ከታሪክ ጸሐፊው እስከ አንትሮፖሎጂ ተመራማሪው፣ ከጋዜጠኛው እስከ ፊልም ሠሪው ብዙዎች አንሥተውታል። ሆኖም የተጻፈውን ሰብስቦ ለሚያነብ ሰው አንድ ጉድለት ሳይታየው አይቀርም። አዝማሪው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደሚጋባ፣ ኅብረተሰቡ በምን ዓይን እንደሚያየው ብዙ ተብሏል፤ ትናንት ማታ የተጫወተው መልካም ነበር ወይስ ደካማ፣ መልካም ከሆነስ በምን መልካም ሆነ የሚለው ግን እምብዛም አልተጠየቀም። ቅኔን በቅኔነቱ የሚመዝን ሊቅ፣ ልብ ወለድን በልብ ወለድነቱ የሚተች ሐያሲ እያለን፣ የአዝማሪን ጨዋታ ግን ወይ እንደ ማኅበራዊ ማስረጃ እንቆጥረዋለን፣ ወይ እንደ ማታ መዝናኛ እናልፈዋለን። ቁጭ ብሎ ሥራውን እንደ ጥበብ ሥራ አዳምጦ የሚፈርድለትም የሚፈርድበትም ሒስ ገና በእግሩ አልቆመም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት ይሞላል ለማለት አይደለም። ዓላማው አንድን ከተማ ይዞ ለእንዲህ ያለው ሒስ የሚያገለግል መመዘኛ ማቅረብና፣ በመመዘኛው መሠረት ስለ ጎንደር ሕያው ሙዚቃ የተባለውንና የሆነውን መመርመር ነው። «ሕያው» ማለቴ በካሴት፣ በሸክላ ወይም በምስል የተያዘውን ሳይሆን፣ ተጫዋቹና አድማጩ በአንድ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ሆነው የሚፈጥሩትን ሙዚቃ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማይቱና ድምፆቿ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተራሮች ተከባ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 መናገሻቸው ካደረጓት በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የነገሥታቱ መቀመጫ ሆና ቆይታለች። በ1866 በዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1888 በደርቡሾች ተቃጥላለች፤ ከ1936 እስከ 1941 ባለው የጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ዛሬ ፒያሳ የሚባለው የከተማው መሐል ተሠራ። በ1979 የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ታሪኳ ሰፊ ይሁን እንጂ ከተማይቱ ራሷ ሰፊ አይደለችም፤ በ1994 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 112 ሺህ፣ በ2007 ደግሞ 207 ሺህ ያህል ነበሩ። ይህን ቁጥር የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ቀጥሎ እንደሚታየው፣ ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት የከተማ ልክ ለአዝማሪ ጥበብ ዋና መሠረት ነውና።

በዚህች ከተማ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት የድምፅ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ኖረዋል። የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። ጎንደር በዓታ የአቋቋም ትምህርት ምስክር በመሆኑ፣ ከልዩ ልዩ አገር የተነሣ ተማሪ ጽናጽልና መቋሚያ ይዞ ዓመታት የሚያሳልፍበት ነው። ሁለተኛው የላሊበላዎች ልመና ነው። ላሊበላ ወይም ሐሚና የሚባሉት ዘማሪዎች ገና ጎሕ ሲቀድ ከደጅ እየቆሙ በዜማ ይለምናሉ፤ ለሰጣቸው ይመርቃሉ፤ መዝፈናቸውን ቢተዉ በሥጋ ደዌ ይያዛሉ የሚል እምነትም በሕዝቡ ዘንድ ሲነገር ኖሯል። ሦስተኛው አዝማሪው ነው፤ ሠርግ የሚያደምቀው፣ በክርስትናና በዓመት በዓል የሚጠራው፣ ማታ ደግሞ በጠጅ ቤትና በአዝማሪ ቤት የሚጫወተው። ከከተማው ውጭ እንደ ቡርቧክስ ያሉ የአዝማሪ መንደሮች አሉ፤ ልጆች ማሲንቆን ከወላጅና ከዘመድ ተምረው ወደ ከተማ የሚወጡት ከነዚህ ነው።

ሦስቱ ሥርዓቶች በማኅበራዊ ክብር ሰማይና ምድር ናቸው። ሊቀ ጠበብቱ ይከበራል፤ ላሊበላው ይፈራል፤ አዝማሪው ይወደዳል፣ ግን ይናቃል። ነገር ግን «አዝማሪ» እና «መዝሙር» ሁለቱም «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጡ መሆናቸውን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም። አንዱ ሥር ሁለት ግንድ አብቅሎ፣ አንዱን ቤተ መቅደስ ሌላውን ጠጅ ቤት አስገባነው፤ ከዚያም ለአንዱ የሊቃውንት መመዘኛ ስናቆም ሌላውን ያለ መመዘኛ ተውነው። ስለ ጎንደር ሙዚቃ የሚጻፍ ሒስ ከዚህ አድልዎ መነሣት አለበት።

የቤቱ ሥርዓት

በአዝማሪ ቤት የሚሆነውን በጥቂቱ ልተንትን። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ አውታሩ ከፈረስ ጭራ ይሠራል፣ ቆዳ በለበሰ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን ላይ ይወጠራል፣ በደጋን ይመታል። ድምፁን የሚለውጠው የተጫዋቹ ጣት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ወንዱ ማሲንቆውን ይመታል፤ ሴቲቱ ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች፣ በእንግዶቹ መካከል እየዞረች ግጥም ታወርዳለች። ሁለቱ ባልና ሚስት ወይም ዘመዳሞች ሊሆኑ ይችላሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ፦ በጽሑፍ ያለው አዝማሪ ሁልጊዜ ወንድ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ግን የግጥሙን ሸክም የምትሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ሴቲቱ ናት። ስለ እርሷ ጥበብ የተጻፈው ስለ ማሲንቆው ከተጻፈው እጅግ ያነሰ መሆኑ የሥራው ሳይሆን የጸሐፊዎቹ ጉድለት ነው።

ጨዋታው የሚቆመው በአንድ ቃል ነው፤ «ተቀበል»። እንግዳው ከተቀመጠበት ሆኖ ሁለት ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። እንግዳው የሚሰጠው ስንኝ አንዳንዴ ቤቱ አይመታም፣ አንዳንዴ ረዝሞ ከዜማው ይተርፋል፣ አንዳንዴ የተሳደበ ወይም የሰከረ ነው። አዝማሪው በቅጽበት ያርመዋል፤ የጎደለውን ይሞላል፣ የተረፈውን ይቆርጣል፣ ስድቡን ወደ ቀልድ ይለውጣል፣ ሰጪው ግን የራሱ ስንኝ እንደሆነ አምኖ ይደሰታል። ይህን የሚያደርግበት ጊዜ የሚያገኘው ማሲንቆው ብቻውን በሚዞርበት አጭር ፋታ ነው። ለውጭ አገር አድማጭ ያ ፋታ ማጀቢያ ነው፤ ለሚያውቅ አድማጭ የአሳብ ቦታ ነው። ጥሩ ማሲንቆ መቺ የዘፋኟን ፊት አይቶ ፋታውን ያረዝማል ወይም ያሳጥራል።

ከዚያ ሰምና ወርቁ ይመጣል። የአዝማሪ ሰምና ወርቅ ከቅኔ ቤቱ ይለያል፤ የቅኔው ወርቅ በመጽሐፍ ዕውቀት ይፈታል፣ የአዝማሪው ወርቅ የሚፈታው እዚያው ቤት ውስጥ ባለ ሰው ዕውቀት ነው። አንድ ቀላል ምሳሌ ልስጥ። «በራ» የሚለው ቃል ብርሃን መስጠትንም ጠጉር የሌለውን ራስም ያመለክታል። ዘፋኟ ጠጉሩ የሸሸውን የተከበረ እንግዳ «እርስዎ ሲገቡ ቤቱ በራ» በሚል መንፈስ ብታሞግሰው፣ ስድቡና ውዳሴው በአንድ ቃል ላይ ያርፋሉ፤ ቤቱ ይሥቃል፣ እንግዳውም ከመሣቅና ብር ከመለጠፍ በቀር መንገድ የለውም። በቴፕ የሰማው ሰው ግን ውዳሴውን ብቻ ይሰማል፤ የእንግዳውን ራስ አላየውምና። እንግዲህ የከተማይቱ ልክ ለምን እንደሚያስፈልግ ግልጽ ይመስለኛል። መተዋወቅ በሌለበት ወርቅ የለም።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት መመዘኛዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አቀባበል፤ የተሰጠው ስንኝ በምን ፍጥነትና በምን ማሻሻያ ተመለሰ? ሁለተኛ፣ የማሲንቆው አነጋገር፤ መሣሪያው ግጥሙን ተከትሎ ብቻ ይሄዳል ወይስ ይመልሳል፣ ይጠይቃል፣ ያፌዛል? ሦስተኛ፣ የቤቱ ሚዛን፤ ከማዕዘን የተቀመጠው ድኃም ከመሐል የተቀመጠው ባለ ገንዘብም ድርሻውን አገኘ ወይ? የተነካው ሰው ሳይዋረድ፣ ያልተነካውም ሳይረሳ ቀረ ወይ? አንድ ምሽት በነዚህ ሦስት ቢመዘን «ደስ ይላል» ከሚለው ፍርድ የተሻለ ፍርድ ማግኘት ይቻላል።

ሁለት አፈ ታሪኮች

የምሁራኑን ሥራ በዚህ መመዘኛ ስናየው ዋጋውም ወሰኑም ይገለጻል። ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጧል። በ1776 ቻርልስ በርኒ የተባለው እንግሊዛዊ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ባተመው የብሩስ ደብዳቤ ውስጥ ስድስት የሐበሻ የሙዚቃ መሣሪያዎች ተዘርዝረዋል፤ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጽናጽልና በገናን ወይም ክራርን የመሰለ ባለ አውታር። ማሲንቆ የለበትም! ከዚህ ተነሥቶ በዚያ ዘመን በጎንደር ማሲንቆ አልነበረም ማለት ችኮላ ነው፤ የብሩስ ጆሮ ያለችው በቤተ መንግሥት፣ በጦር ሜዳና በቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር፣ የዘረዘራቸውም መሣሪያዎች በነዚሁ ቦታዎችና በግብዣ የሚገኙት ናቸው። ዝርዝር የሚነግረን ዘርዛሪው የት እንደቆመ ጭምር ነው። ይህ ትምህርት ለዘመናችንም ይሠራል።

በዘመናችን የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩትና በኋላም በስደት በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በ1975 ስለ አዝማሪ ያሳተሙት ጽሑፍ አዝማሪን ባለቅኔና ሙዚቀኛ ብሎ በአንድነት በመጥራቱ ለዓለም ምሁራን ትልቅ በር ከፍቷል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባወጡት ተከታታይ የሲዲ ስብስብ ሁለተኛውን ለአዲስ አበባ አዝማሪዎች ሰጥተዋል። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢትሱሺ ካዋሴ ደግሞ በጎንደር ለብዙ ጊዜ ተመላልሰው በ2005 ስለ ላሊበላዎች፣ በ2006 ስለ አዝማሪ ልጆች ፊልሞች ሠርተዋል። ከነዚህ ሁሉ ለእኔ ለሒስ የሚቀርበው የካዋሴ ሥራ ነው፤ ካሜራው ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን ሰጪውን፣ አላፊውን፣ የሚያባርረውንም ሰው ያሳያልና። በ2018 ኢላና ዌብስተር ኮገን ስለ ቴል አቪቭ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ባሳተሙት መጽሐፍ የአዝማሪን ስም የዜግነት ጥያቄን ለማንበቢያ ምሳሌ አድርገውታል። ጠቃሚ መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን አዝማሪ ምሳሌ በሆነ ቁጥር ሥራው ከጆሮ እንደሚርቅ ማስተዋል ይገባል።

በእኛ በስደተኞቹ ምሁራን ክበብ ደግሞ ሁለት አፈ ታሪኮች ሥር ሰድደዋል። አንደኛው አዝማሪ የሕዝብ አፍ፣ የነጻነት ጠበቃ ነው የሚለው ነው። ለዚህ ማስረጃ አይጠፋም። ግራዚያኒ በየካቲት 12 የመግደል ሙከራ ከተደረገበት በኋላ፣ በማርች 1937 በየአገሩ የሚዞሩ ዘፋኝ ተራኪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙ ቅኝ ገዥው የዘፋኝን አፍ ምን ያህል እንደፈራ ያሳያል። ይሁን እንጂ ያው አዝማሪ ለከፈለው ሁሉ ውዳሴ ያቀርባል። ጌታውን አወድሶ ያደረ፣ ጌታው ሲወድቅ ተተኪውን ያወደሰ አዝማሪ ጥቂት አይደለም። ይህ ነውር አይደለም፤ ሙያው ነው። የሰው አሳብ በዜማ የሚያወጣ ሰው የማንንም አሳብ ያወጣል። «ተቀበል» ያለው ሰው አሳብ ነጻ ከሆነ አዝማሪው ነጻ ይሆናል፤ አድማጩ ፈሪ ከሆነ አዝማሪውም ፈሪ ነው። ስለዚህ አዝማሪን የነጻነት ጠበቃ ብሎ መሾም ራስን ከኃላፊነት ማውረድ ነው፤ እኛ ያልሰጠነውን ስንኝ እርሱ እንዲቀበል መጠበቅ ነውና።

ሁለተኛው አፈ ታሪክ የሙሾ አፈ ታሪክ ነው። አዝማሪ እየጠፋ ነው፤ ማሲንቆ እየሞተ ነው፤ የምንጊዜም የመጨረሻው ትውልድ ይህ ነው ይባላል። ሙሾው ከተጀመረ ብዙ አሠርት ዓመታት አልፈዋል፤ ሟቹ ግን ጠጅ ቤት ተቀምጦ ይዘፍናል። አዝማሪ ከአብዮት፣ ከካሴት፣ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከቴሌቪዥን ተርፏል። የተለወጠው ብዙ ነው፤ ለውጥ ሁሉ ግን ሞት አይደለም። ሙሾው ጉዳት የሚያደርሰው ሒስን ስለሚከለክል ነው፤ በሞት አፋፍ ላይ ነው የተባለውን ሰው «ዛሬ ደክመሃል» የሚለው ማን ነው? ሁሉም «ቅርስ» ይባላል፤ ጥሩውና ደካማው በአንድ ስም ይታቀፋሉ።

መድረኩ ያተረፈውና ያጎደለው

ከጠጅ ቤት ወደ መድረክ የተደረገው ጉዞ በሁለት ትላልቅ ደረጃዎች ተከናውኗል። የመጀመሪያው በ1963 ትውልደ ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ መድረክ የተሰለፉበት ቡድን። ከኤል ዳብ በኋላ ቡድኑን ከመሩት አንዱ ተስፋዬ ለማ ነበሩ፤ እርሳቸውም እንደ ብዙዎቻችን በስደት ኖረው በ2013 አርፈዋል። ሁለተኛው ደረጃ ከ1974 አብዮት በኋላ በየክፍለ ሀገሩና በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ናቸው፤ በጎንደር የፋሲለደስ ኪነት፣ በወሎ የላሊበላ ኪነት፣ በጎጃም የግሽ ዓባይ ኪነት ይታወሳሉ።

የኪነት ዘመንን በጅምላ ማውገዝ በእኛ ዘንድ ልማድ ሆኗል። ፍርዱ ግን ሚዛናዊ መሆን አለበት። ኪነት ለአዝማሪ ልጅ ደመወዝ ሰጠው፤ «ጥበበኛ» ብሎ ጠራው፤ ከተናቀበት ቤት አውጥቶ በአዳራሽ መሐል አቆመው። ሴት ልጅ ያለ ባል ወይም ያለ ወንድም አጃቢነት በመድረክ እንድትዘፍን በር ከፈተ። የአንዱን ክፍለ ሀገር ውዝዋዜ ሌላው እንዲያየው አደረገ። እነዚህ ትርፎች እውነት ናቸው።

ያጎደለውም እውነት ነው። የኪነት ግጥም አስቀድሞ ይጻፋል፤ አስቀድሞ ይነበባል፤ አስቀድሞ ይፈቀዳል። ከተቀመጠበት ተነሥቶ ስንኝ የሚሰጥ እንግዳ በአዳራሽ ውስጥ ሥፍራ የለውም፤ ቢኖረውም አደገኛ ነው። ሳንሱር ያልተጻፈን ግጥም ሊያርም አይችልምና፣ መንግሥት አዝማሪውን የተቆጣጠረው አፉን በመዝጋት ሳይሆን «ተቀበል» የሚለውን ሰው ከቤቱ በማስወጣት ነው። አድማጩ ተመልካች ሆነ፤ እጁ የቀረችለት ለጭብጨባ ብቻ ነው። በሦስቱ መመዘኛዎች ሲታይ የኪነት ሙዚቃ በሁለተኛው ሊመሰገን ይችላል፤ ጥሩ ማሲንቆ መቺዎች ነበሩበትና። በአንደኛውና በሦስተኛው ግን የሚመዘን ነገር አልተወለትም። በዚያው ዘመን የወረደው ሰዓት እላፊ የማታውን ቤት ስለዘጋ፣ የሙዚቃው ሕይወት ወደ ካሴት ሸሸ። እኛም የዚያ ዘመን ልጆች ስለሆንን ከአገር ይዘነው የወጣነው ካሴቱን ነው፤ ቤቱን አይደለም።

ኪቦርድ፣ ስልክና የማታ መንገድ

ከ1991 በኋላ የአዝማሪ ቤቶች በአዲስ አበባም በጎንደርም እንደገና ተከፈቱ። ስለነዚህ ቤቶች የሚሰማው ወቀሳ በአብዛኛው ስለ ድምፅ ማጉያውና ስለ ኪቦርዱ ነው። ወቀሳው ትክክል ይሁን እንጂ ምክንያቱ በደንብ አልተነገረም። ማሲንቆ ጣት የሚያርፍበት የተወሰነ ምልክት የለውም፤ ተጫዋቹ በትምህርት ቤት አራት ተብለው በሚቆጠሩት በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ውስጥ ድምፁን በጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ እያደረገ እንደ ስሜቱ ያስኬደዋል። ኪቦርዱ ግን በፋብሪካ የተወሰነ ድምፅ አለው። ሁለቱ አብረው ሲመቱ የሚሸነፈው የሚንቀሳቀሰው ነው፤ ማሲንቆው የራሱን ድምፅ ትቶ የኪቦርዱን ይከተላል። ከዚያ በላይ ግን ጉዳቱ በፋታው ላይ ነው። በማሽን የሚሄድ ምት አይጠብቅም፤ ዘፋኟ ስንኙን ለማረም የሚያስፈልጋትን ጊዜ አይሰጣትም። እርሷም የተዘጋጀ ስንኝ ማከማቸት ትጀምራለች። መሣሪያው የጣለው ዜማውን ሳይሆን አሳቡን ነው።

ጎብኚውም ተወቃሽ ሆኗል። ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ ይመጣል፤ ዘፋኟ ስለ አፍንጫው ወይም ስለ ካሜራው ትገጥማለች፤ ቤቱ ይሥቃል፤ እንግዳውም አብሮ ይሥቃል፣ ብር ይሰጣል። ይህ በሦስተኛው መመዘኛ ሲታይ ጎዶሎ ጨዋታ ነው፤ የተነካው ሰው የሚመልስበት አፍ የለውምና። ሆኖም ብዙ ቤተሰብ የኖረው በዚያ ገንዘብ ነው፤ ጎብኚው የቀረ እንደሆነ ደግሞ ኪሣራው የማን እንደሆነ ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል።

አዲሱና ከባዱ ፈተና ስልኩ ነው። ለሃያ ሰው የተነገረ ስንኝ በማግሥቱ ለብዙ ሺህ ሰው ይደርሳል። በቤቱ ውስጥ ቀልድ የነበረው ከቤቱ ውጭ ክስ ይሆናል። «በራ» የሚለው ቃል የማንን ራስ እንደነካ የማያውቀው ሰው፣ የራሱ ብሔር፣ የራሱ ሃይማኖት፣ የራሱ ወገን እንደተነካ አድርጎ ይፈታዋል። ስለዚህ አዝማሪው ይጠነቀቃል፤ ውዳሴው ይበዛል፣ ወርቁ ይሳሳል። ሳንሱር አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ዛሬ በየኪሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጦርነቱ አለ። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በጎንደርም ሰዓት እላፊ ወረደ። አዋጁ በ2024 ቢያበቃም ግጭቱ አብሮት አላበቃም። የማታ ሙዚቃ ማታ መንገድ ላይ ያለ ስጋት የሚሄድ ሰው ይፈልጋል። የሠርግ ሙዚቃ ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ገጠር የሚያልፍ መንገድ ይፈልጋል። የአዝማሪ ልጅ ከመንደሩ ወጥቶ ከተማ ለመማር ክፍት በር ይፈልጋል። አንድ ማሲንቆ ቢሰበር ሌላ ይሠራል፤ አንድ ቤት ቢዘጋ ሌላ ይከፈታል። ነገር ግን የተለያየ አሳብ ያላቸው ሰዎች በአንድ ቤት ተቀምጠው፣ አንዱ በሌላው ስንኝ ተነክቶ፣ ሥቆ፣ ብር ለጥፎ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ልማድ ከተሰበረ በቀላሉ አይጠገንም። የአዝማሪ ቤት ቁም ነገር ይህ ነው፤ ጠላትነት ሳይደርስበት ነገር የሚነገርበት ቤት ነው። አደጋ ላይ ያለውም እርሱ ነው፤ «ቅርስ» የሚለው ቃል ይህን አይሸፍነውም።

የእኛ ጆሮ

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ልመለስ። በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም፣ በዱባይ በኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የማሲንቆ ድምፅ ይሰማል። ከጎንደር የመጣ ተጫዋች ሲገኝ ቤቱ ይሞላል። ነገር ግን ምን እንጠይቀዋለን? የአገር ስም ይጥራልን፤ የወንዝ ስም ይጥራልን፤ የተለየነውን አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት በአንድ ትዝታ ያስለቅሰን። ብር እንለጥፋለን፤ ስንኝ ግን አንሰጥም። አንዱ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ሌላው የታክሲ ነጂ፣ ሦስተኛው መምህር ሆኖ በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡት ሰዎች ያን ማታ ብቻ የተገናኙ ናቸው፤ ስለማይተዋወቁ ወርቅ የለም። ልጆቻቸው ደግሞ ሰሙን እንኳ ለመስማት ቋንቋው ያጥራቸዋል። በዚህ ቤት አዝማሪው ተቀባይ መሆኑ ቀርቶ የትዝታ መልእክተኛ ይሆናል።

ይህን የምለው ትዝታን ለመንቀፍ አይደለም፤ ስደተኛ ያለ ትዝታ አይኖርም። የምነቅፈው ትዝታን የሒስ መመዘኛ ማድረጋችንን ነው። የ1970ዎቹን ካሴት በልባችን ይዘን የዛሬውን የጎንደር ዘፋኝ «እንደ ድሮው አይደለም» ስንል፣ ድሮ ያልነውም ራሱ ከቤቱ ተነቅሎ በቴፕ የተያዘ ቁራጭ መሆኑን እንረሳለን። ድሮው ራሱ እንደ ድሮው አልነበረም። የጎንደር ልጅ ዛሬ በኪቦርድ አጠገብ ቁጭ ብሎ ለዛሬ ሰው የሚገጥመውን ስንኝ በመልካም ወይም በክፉ መመዘን ያለብን በዛሬው ቤት፣ ለዛሬው አድማጭ ባደረገው ነው።

ከዚህ በመነሣት ለማኅበራችን ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከእንግዲህ የአዝማሪ ሙዚቃ ሲቀዳ ስንኝ ሰጪው፣ የተነካው ሰው፣ የቤቱ ሣቅና ጊዜው አብረው ይመዝገቡ፤ የተጫዋቾቹና የዘፋኞቹ ስምም «ያልታወቀ አዝማሪ» በሚለው ስንፍና አይተካ፤ ሴቲቱም በስሟ ትጠራ። ስንኙ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ ግን የሰውየው ደኅንነት ከመዝገቡ ይቅደም። ሁለተኛ፣ በመጽሔታችን ገጾች ለልብ ወለድና ለግጥም የምንሰጠውን ያህል ለአንድ ምሽት የማሲንቆ ጨዋታ ሒስ ቦታ እንስጥ፤ ተጫዋቹን የምናከብረው በማወደስ ብቻ አይደለም፣ በትክክል በመፍረድም ነው። ሦስተኛ፣ ልጆቻችንን አማርኛ ስናስተምር ከፊደልና ከሰላምታ አልፈን ሁለት ስንኝ መግጠም እናስተምራቸው። ቤት መምታት የሚችል ልጅ አንድ ቀን ጎንደር ቢገባ ወይም በዋሽንግተን አዝማሪ ፊት ቢቀመጥ፣ ከብር ሌላ የሚሰጠው ነገር ይኖረዋል።

የጎንደር ሙዚቃ ይኑር ወይስ ይጥፋ የሚለውን የምንወስነው እኛ አይደለንም፤ የሚወስኑት እዚያ ያሉ ተጫዋቾችና አድማጮች፣ እንዲሁም ማታ መንገድ የመኖርና ያለመኖር ዕድል ናቸው። በእኛ እጅ ያለው ጆሮአችንን ማረም ነው። አዝማሪው እስከዛሬ ድረስ የሰጠነውን ሁሉ ተቀብሎናል፤ ያማረውንም የተበላሸውንም። ምን እንሰጠዋለን የሚለው ጥያቄ ግን የእርሱ ሳይሆን የእኛ ነው፤ ለውይይትም ክፍት ሆኖ ይቀርባል።